የሰባች የመሰለችኝ ልጄ

ልጄ ሰባች ብዬ ደስ ያለኝ ሰሞን ልጄ እየሞተችብኝ ነበር። ሁለቱ ነገር እንዴት ባንድ ሰሞን ተገናኘ ብትሉኝ፣ እኔም ዛሬ ድረስ ሳስበው ይዘገንነኛል። እንደ እኔ ያለች አንዲት እናት እንኳ ብትሰማው ይበቃኛል ብዬ ነው የማወጋችሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። የምንኖረው ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የርብ ወንዝ እየሞላ በሚያስጨንቃት መንደር ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቁሜ አደራጀውን አገባሁ። አደራጀው ሩዝ አምራች ነው፤ ሥራ አይሰለቸውም፣ ሲናደድ ግን ድምፁ ወንዝ ይሻገራል። አባቱ ቄስ ናቸው። እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ጎጆ ይኖራሉ። እኔ አባ እያልሁ ነው የምጠራቸው። የመጀመሪያ ልጃችንን ማሕሌት ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ማሕሌት ስትወለድም ትንሽ ነበረች። ታድጋለች፣ ትደርሳለች እያልን ቆየን። እኩዮቿ ቆመው መሄድ ሲጀምሩ እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። ዓመት ከመንፈቅ አልፏት እንኳ ግድግዳ ካልያዘች አትቆምም። ዝናሽ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየጊዜው እየመጣች፣ ዛፍ ላይ በምትሰቅለው ሚዛን የመንደሩን ልጆች ትመዝናለች። የማሕሌት ተራ ሲደርስ የዝናሽ ፊት ይከፋል።

«ትርንጎ፣ ይቺ ልጅ ካለፈውም አልጨመረችም።»

«ትበላለች እኮ።»

«ምን ትበላለች?»

«እኛ የምንበላውን።»

እኛ የምንበላው ሩዝ ነው። እንጀራው ሩዝ፣ ገንፎው ሩዝ፣ ልጅ ሲታመም የሚሰጠው አጥሚት ሩዝ። ዝናሽ «እንቁላል ስጫት፣ ወተት ስጫት፣ ሽንብራና ባቄላ ፈጭተሽ ቀላቅይላት» ትለኝ ነበር። ጥቂት ጊዜ አደረግሁት። ከዚያ ዶሮዎቻችን በፈንግል አለቁ። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ውሃው ሳይመጣ ብለን ላሞቻችንን ከይፋግ ከተማ በላይ፣ ከፍታው ላይ ያሉ ዘመዶቻችን ጋ ወሰድናቸው።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ልጅ መፀነሴን አወቅሁ። በእኛ ዘንድ እርጉዝ ካጠባች ወተቷ ልጁን ይጎዳዋል ይባላል። እናቴም የነገረችኝ ያንኑ ነው። ጡቴን ሬት ቀብቼ አስጣልኋት። ሦስት ቀን አልቅሳ ተወችው።

ሐምሌ ላይ ወባ ያዛት። መድኃኒቱን ወስዳ ትኩሳቱ ሲለቃት ተቅማጥ ተከተላት። የጎኗ አጥንት አንድ ባንድ ይቆጠር ጀመር። እንደ ምንም ተቅማጡ ቆመላት ስንል ርብ ሞላ። መንገዱ በውሃ ተዋጠ፤ መንደራችን እንደ ደሴት ቀረች፤ ዝናሽም መምጣት አልቻለችም።

ልጄ የሰባችው ይሄኔ ነው።

መጀመሪያ የሞላው እግሯ ነው። ቀጥኖ የነበረው እግሯ ድቡልቡል አለ። ቀጥሎ ጉንጯ ሞላ፤ ዓይኗን ሊሸፍነው ደረሰ። ተንበርክኬ እግሯን ሳምሁት። «ተመስገን! ተመስገን!» አልሁ። አደራጀው ከማሳ ሲመለስ ይዣት ወጣሁ። እጁ ጭቃ ስለነበረ ሊነካት ሳይደፍር ከፊቷ ቆሞ አያትና ሳቀ። ክረምቱ ከገባ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መጥተው አዩና እልል አሉ። «እሰይ! ወዟ መጣ እኮ! በይ ሸፍኛት፣ ዓይን እንዳያገኛት» አሉኝ። ሸፈንኋት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ነጠላዬን ጣል አደርግባታለሁ።

አንዳንድ ነገር ግን ልቤን ይነካካኝ ነበር። ማሕሌት ዝም ብላለች። አስቀምጫት ሄጄ ስመለስ እንዳስቀመጥኋት አገኛታለሁ፤ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እጇን አታነሳም። ፀጉሯ ሳስቶ ቀላ ብሏል። አጥሚቱን ወደ አፏ ሳስጠጋላት ከንፈሯን ትገጥማለች። «ጠግባ ነው፤ ሰውነቷ ሞልቶ የለ» እላለሁ። አለማልቀሷንም መልካም ጠባይ አድርጌ ቆጠርሁት። አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ልጄ ለማልቀስ አቅም ሲያንሳት እኔ አረፍሁ ብዬ ሥራዬን እሠራ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ አለ። ዝናሽ የወባ መድኃኒት ይዛ በታንኳ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆማ ጫማዋን ከጭቃ ስታላቅቅ ሳትጠይቀኝ ተናገርሁ።

«ዛሬስ አትቆጭኝም! ማሕሌት ሰብታልሻለች።»

«እውነትሽን ነው? በምኑ?»

«እንጃ፣ የፈጣሪ ሥራ ነዋ! ግቢና እያት።»

ነጠላውን ገለጥሁላት። ዝናሽ ፈገግ እንዳለች ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። የማሕሌትን እግር ያዘች። አውራ ጣቷን እግሯ ጀርባ ላይ አድርጋ ጫን አለችና ትንሽ ቆየች። ጣቷን ስታነሳ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ፤ ሊጥ ላይ ጣት የተተከለ ይመስላል። ይሞላል ብዬ ጠበቅሁ። አልሞላም። ሌላኛውን እግር ተጫነች። እሱም ጎደጎደ። ማሕሌት ወደ እኛ እንኳ አላየችም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ውሃ ነው።»

«የምን ውሃ?»

«ሥጋ አይደለም ትርንጎ። ሰውነቷ ውኃ ቋጥሮ ነው። ልጆች ምግብ አጥሯቸው ሲጎዱ አንዳንዶቹ እንዲህ ያብጣሉ። ከስታ ከነበረችበት ጊዜ ይልቅ አሁን ብሶባታል።» ተነሳች። «አደራጀው የት ነው? አሁኑኑ ወረታ መድረስ አለባችሁ።»

እኔ አልተነሳሁም። የገዛ ጣቴን ልጄ እግር ላይ አድርጌ ተጫንሁት። ጎደጎደ። የሳምሁት እግር ነው። ያሳየሁት፣ እልል የተባለለት እግር ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ እትዬ ብርቄ ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡ።

ግቢው በሰው ሞላ። አደራጀው ከማሳ ተጠርቶ መጣ። እትዬ ብርቄ «ለእብጠትማ ወንዛዬ ነው! ፍል ውሃው ያሟሽሽላታል። እኔ ጉልበቴን የተሻለኝ እዚያ አይደለም?» አሉ። አደራጀውም አባቱን አየ። ለአንድ አፍታ ልቡ ወደዚያ ያዘነበለ መሰለኝ።

«በዚህ አቅሟ ፍል ውኃ ውስጥ ብትገባ አትወጣም» አለች ዝናሽ። «አባ፣ እባክዎ ይንገሯቸው። ወረታ ለዚህ የሚሰጥ ሕክምና አለ። መዋል ማደር ግን የለብንም።»

አባ ጎጆአቸው በራፍ ላይ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ወደ ማሕሌት ቀርበው ግንባሯን ዳሰሱ።

«ሂዱ» አሉ። «ጸሎቱን ለእኔ ተውልኝ። እናንተ ሂዱ።»

ዝናሽ በመጣችበት ታንኳ ተሳፈርን። ባለታንኳው አንድ ዝም ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝናሽ ስለ ልጄ ሳትነግራቸው በፊት አይተው ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ምንም ሳይጠይቁ መቅዘፊያውን አነሱ። ማሕሌትን በጋቢ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኋት። ዝናሽ ከፊት፣ አደራጀው ከኋላዬ ተቀመጡ። ከሥራችን የእኛው የሩዝ ማሳ አለ፤ ቡቃያው በውኃው ውስጥ ተኝቶ ይታያል።

መንገድ ላይ ዝናቡ ተመለሰ። አደራጀው ካፖርቱን አውልቆ ከላያችን ያዘልን። እኔ በጋቢው ውስጥ ጆሮዬን ልጄ አፍ ላይ ለጥፌ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ትንፋሿ አይሰማኝም። ያን ጊዜ ጉንጯን ቆንጠጥ አደርጋታለሁ። እንድታለቅስ ነው። አታለቅስም። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች።

«አለች?» ይለኛል አደራጀው ከኋላ።

«አለች።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አለች?»

«አለች በቃ! አትጠይቀኝ!» ብዬ ጮህሁበት። በባሌ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ከአስፋልቱ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ታንኳዋ ውኃ የሸፈነው አጥር ላይ ወጥታ ተያዘች። ሽማግሌው ቢገፉ ቢስቡ እምቢ አለች። ባንድ ጎኗ አዘነበለች፤ ውኃ ገባ። ዝናሽ ጎኔን ይዛ ጮኸች። አደራጀው ዘሎ ወረደ። ውኃው ደረቱ ድረስ ዋጠው። በእግሩ እየዳበሰ አጥሩን እየነቀለ፣ በትከሻው እየገፋ አላቀቃት። ከዚያ ተመልሶ አልወጣም፤ ታንኳዋን ይዞ እየገፋ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ መጣ። በአንድ እጁ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ነበር።

አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኘን። ወረታ ሆስፒታል ስንደርስ ዝናሽ ከእኛ ቀድማ እየሮጠች ገባች።

የተቀበለችን ነርስ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። የማሕሌትን ክንድ ቀለም ባለው ሜትር ለካች፣ እግሯን ተጫነች፣ ሆዷንና ቆዳዋን አየች። ሰውነቷን ስትነካው ፊቷ ጠቆረ።

«ቀዝቅዛለች። ልብሷን አውልቂና ደረትሽ ላይ አድርጊያት፣ ቆዳ ለቆዳ። ከላይ በጋቢ ተሸፈኑ» አለችኝ።

ከጣቷ ደም ቀድተው መረመሩ። ስኳሯ ወርዷል ተባለ። ስኳር ያለው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ሰጧት። ልትውጥ አልቻለችም፤ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡላት። ቱቦው ሲገባ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ትንሽ አቃሰተች እንጂ አላለቀሰችም።

አደራጀው ከነእርጥብ ልብሱ ቆሟል። «እባክሽ ሲስተር፣ ግሉኮስ ስቀሉላት! ደክማለች እኮ። ግሉኮስ ሲሰቀል ሰው ይነሳል። ካላችሁ ስቀሉላት፣ ከሌላችሁም ፈልጌ አመጣለሁ» አላት።

«ወንድሜ፣ አጥተን አይደለም» አለችው። «ልቧ ደክሟል። ያን ያህል ፈሳሽ በደም ሥሯ ካስገባን ልቧ አይችለውም። ለሌላ ልጅ የሚያድነው እሷን ይገድላታል።»

አደራጀው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

የተሰጣት ምግብ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የሚዘጋጅ ወተት ነው። መጠኑን ሳይ ተናደድሁ። የቡና ስኒ አይሞላም።

«ሲስተር፣ ልጄ በምግብ እጦት ነው የታመመችው እያላችሁኝ ይቺን ብቻ ነው የምትሰጧት?»

«አዎ፣ ይቺን ብቻ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይቺኑ። አንጀቷም ልቧም መሥራት ረስቷል፤ ባንድ ጊዜ ብናጠግባት ትሄድብናለች። አደራ፣ ሌላ ምንም እንዳትሰጫት።»

እሺ አልኋት። የተራበች ልጅ ታቅፎ ምግብ መከልከል ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የባሰው መጣ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ቁጭ ብዬ ታቅፌያት ድካም አሸንፎኝ ሸለብ አድርጎኝ ኖሯል። ስነቃ ደረቴ ላይ ያለው ነገር ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗ ግማሹ ተገልጧል፤ ግን አያይም። እጇን ሳነሳው ወደቀ።

«ሲስተር! ሲስተር!»

ሲስተር መጣች፣ ሌላ ነርስ መጣ፣ ሐኪሙ መጣ። ከእጄ ወሰዷት። ዙሪያዋን ሲቆሙ እኔ ጀርባቸውን ብቻ ነው የማየው። አደራጀው ደረቅ ልብስ ሊያመጣልን ወጥቶ ነበር። ብቻዬን ነበርሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ የዚያኑ ሰሞን መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበርና እዚያ ቆሜ ሳለሁ ተገላበጠ። ያኛዋ እየቀዘቀዘች ይሄኛው ይራገጣል። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ «አሁን አይደለም፤ ዝም በል» አልሁት።

ስኳር ያለውን ውኃ በቱቦው ሰጧት። መርፌ ወጓት። ብርድ ልብስ ጨመሩላት። ማንም ወደ እኔ አይዞርም። ብዙ ቆዩ መሰለኝ፤ እንጃ፣ ጊዜው ጠፍቶብኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲስተር ዞር አለችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«ነይ። ያዣት። ከአሁን በኋላ እንቅልፍ ሲመጣብሽ ጥሪኝ፤ እኔ እይዝልሻለሁ።»

ያዝኋት። ደረቴ ላይ ሳደርጋት ልቧ እንደ ጫጩት ልብ ሲመታ ተሰማኝ። እስከ ምሽት ድረስ ያንን ምት እየሰማሁ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

ከዚያ ወዲህ ሙቀቷ ተመለሰ። እኔም ዳነች ብዬ ልቤ ሊያርፍ ሲል ሚዛኑ አስደነገጠን። ጠዋት ጠዋት ይመዝኗታል። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጠዋት ክብደቷ ከመጣችበት አነሰ። ሲስተር «ጥሩ ነው፤ ውኃው እየወጣ ነው» ትላለች። እኔ ግማሹን አምናታለሁ። አደራጀው ግን ከነጭራሹ አላመናትም። ጉንጯ ሲጎድል፣ እግሯ ተመልሶ ሲቀጥን አየ። ከእብጠቱ ሥር የነበረችው እውነተኛዋ ልጄ ብቅ ማለት ጀመረች፤ ቆዳና አጥንት። አንድ ጠዋት ሲስተር ከክፍሉ በወጣችበት ጋቢውን አነሳ።

«ተነሽ፣ እንሄዳለን።»

«የት?»

«ጣራ ገዳም አደርሳታለሁ። ጸበል ላይ ትዋል። እዚህ እኮ እየቀለጠች ነው፣ አይታይሽም? ስትመጣ ከብዳ ነበር!»

«ውኃው ነው የከበደው...»

«ውኃ ውኃ አትበይኝ! ልጄን ሰው ቤት አልገድልም!» ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ማሕሌትን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ቱቦው ተወጠረ።

በሕይወቴ ባሌን ተጋፍቼው አላውቅም። ያን ቀን በአልጋውና በእሱ መሃል ገባሁ።

«አላስነካህም።»

«ምን አልሽ?»

«አላስነካህም አልሁ። መጀመሪያ ይሄን እይልኝ።» የማሕሌትን እግር ገልጬ አውራ ጣቴን አደረግሁ። ተጫንሁት። ከጎደጎደ ምን እላለሁ? ጣቴን አነሳሁ። ቆዳዋ እንዳለ ነው። አልጎደጎደም።

«ያን ቀን ሲስተር ስትጫነው እንዴት እንደጎደጎደ አይተሃል። አሁን እየው። አንተ ራስህ ተጫነው።»

አደራጀው ትልቁን፣ የተሰነጣጠቀ ጣቱን የልጁ እግር ላይ አደረገ። በስስት ነካው። አነሳው። አየው። ደግሞ ተጫነው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሲያለቅስ ትከሻው ብቻ ነበር የሚነቃነቀው።

በማግስቱ ውኃው ቀለል ብሎ አባ መጡ። በትንሽ ጀሪካን ጸበል ይዘዋል። ሲስተርን ጠርተው «ልጄ፣ ይሄን ብናጠጣት ይጎዳታል?» ብለው ጠየቋት። እሷም መስቀል ተሳልማ «አባ፣ ለጊዜው ከወተቷ በቀር ምንም ወደ ሆዷ ባይገባ ነው የምንወደው» አለቻቸው። አባ አልተከፉም። በጣታቸው ነክረው ግንባሯን አረጠቡና ዳዊታቸውን ይዘው እግርጌዋ ተቀመጡ።

ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ በልተሻል?»

«ጾም ነው አባ።»

«ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ያውም አስታማሚ። ብዪ። እኔ ነኝ የምልሽ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅም ጾም የለበትም። ላሞቹና ዶሮዎቹ ሳሉም እኛ ቤት በየጾሙ የጾሙ ዕቃ ይነካል እየተባለ ለሕፃኗ ወተት ሳይፈላ፣ እንቁላል ሳይቀቀል ሲቀር እያየሁ ዝም ብያለሁ። ከእንግዲህ ለእሷ የራሷ ድስት ይኑራት» አሉኝ።

ማሕሌት ወደ እኛ የተመለሰችው ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው። ቱቦው ወጥቶላት ወተቱን በስኒ ነበር የምሰጣት። በትንሽ በትንሹ ጠጥታ ጨረሰች። ስኒውን ላነሳ ስል ጣቶቿ ጠርዙን ያዙ። ቀስ ብዬ ሳብሁት። አልለቅም አለች። ባዶ ነው፤ ላሳያት ብዬ ዘቀዘቅሁት። ይሄኔ ፊቷ ተጨማደደ፣ አፏ ተከፈተ፣ አለቀሰች። ሳል የመሰለ ቀጭን ለቅሶ ነበር። ግን ለቅሶ ነው፤ እንባ ያለው ለቅሶ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች ሁሉ ዞሩ። ሲስተር ከበሩ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሁና ነው?»

«ጨምሩልኝ ብላ ነው» አልኋት።

ሲስተር ወገቧን ይዛ ሳቀች። አደራጀው ከውጭ ለቅሶዋን ሰምቶ ደንግጦ ገባና ስንስቅ ሲያየን ግራ ተጋባ። እኔ ግን ሳቄን ልጨርሰው አልቻልሁም፤ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። ፍርሃቴ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የወጣው። እዚያው ልጄን አቅፌ እየተንቀጠቀጥሁ ብዙ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ወተቱ ተቀየረላት፤ በከረጢት የሚመጣውን የለውዝ ምግብ መብላት ስትጀምር ወደ ቤት ተመለስን። ዝናሽ ለብዙ ሳምንት እየተመላለሰች መዘነቻት። ክብደቷ ሲጨምር ግን ቶሎ ደስ አይለኝም ነበር። መጀመሪያ እግሯን እጫናለሁ።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ። ልጅ ዝም ሲል ጨዋ ሆነ አትበሉ። የከሳ ልጅ ያለ በቂ ምግብ በድንገት ቢሞላላችሁ እልል ከማለታችሁ በፊት እግሩን ተጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ አትዋሉ፣ አትደሩ። ዓይን እንዳያገኘው ብላችሁም ከጤና ሠራተኛ ዓይን አትሰውሩት። እኔ ልጄን የሸፈንሁባት ነጠላ ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ መገነዣዋ ይሆን ነበር።

ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ታናሽ ወንድሟ ተወልዶ፣ ጡት ጠጥቶ፣ እንደ ልብ ሮጦ እንኳ ሁለቱም ተኝተው ሲያረፍዱብኝ ቀስ ብዬ ሄጄ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። አደራጀውም እንደዚያው ነው፤ ሳላየው የሚያዳምጥ ይመስለዋል።

ማሕሌት ዘንድሮ አምስት ዓመት ሆኗታል። ለዕድሜዋ አጭር ናት፤ ወንድሟ ቁመቷን ሊደርስባት ነው። ሐኪሞቹም ያ የጎደላት ጊዜ ቁመቷ ላይ አሻራ ሳይተው እንደማይቀር ነግረውኛል። ገበያ ይዣት ስወጣ የሚያውቁኝም የማያውቁኝም «ስንት ዓመቷ ነው?» ይሉኛል። እውነተኛውን እነግራቸዋለሁ።

«አምስት? ታዲያ ምነው አነሰችሳ?»

«ትነስ» እላቸዋለሁ፣ እጇን ጠበቅ አድርጌ። «አለችልኝ።»